ጅራቱ የት ሄደ?

የእንቁራሪት እጭ ጅራት አለው፤ እንቁራሪት ደግሞ የላትም። ታዲያ ጅራቱ የት ሄደ? ብዙ ሰው «ተቆርጦ ወደቀ» ብሎ ይገምታል። እኔም ልጅ እያለሁ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ግን አይወድቅም። እጩ ጅራቱን ከውስጥ እያፈረሰ ወደ ገላው ይመጠዋል። በዚያ ሰሞን ምግብ የሚባል ነገር አይነካም። አፉም አንጀቱም እድሳት ላይ ስለሆኑ ቢፈልግም መብላት አይችልም። ስንቁ የራሱ ጅራት ነው።

(እጭ ስል ከእንቁላል ወጥቶ ገና እግር ሳያበቅል በጅራቱ የሚዋኘውን ማለቴ ነው። «ዕጩ እንቁራሪት» ብንለውም ያስኬዳል።)

ይህ ብቻውን ይደንቃል። የባሰው ግን ሌላው ነው። ጅራቱን የሚያጠፋው ሆርሞንና እግሩን የሚያሳድገው ሆርሞን አንድ ናቸው። ያው ሞለኪውል በያው ደም ውስጥ ይዞራል። እግሩ ጋ ሲደርስ «እደግ ተመንደግ» ይላል፣ ጅራቱ ጋ ሲደርስ «ሙት» ይላል። አንድ አፍ እንዴት ሁለት ነገር ይናገራል?

ባጭሩ፣ ሆርሞኑ ሁለቱንም አይልም። እሱ የሚለው «ጊዜው ደርሷል» ብቻ ነው። ጊዜው ሲደርስ ምን እንደሚደረግ እያንዳንዱ ሕዋስ ቀድሞ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። የእንቁራሪት የቅርጽ ለውጥ፣ በሳይንሱ ስም ሜታሞርፎሲስ፣ ሲተነተን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው። ሆርሞኑ ዝናውን ሁሉ ይወስዳል። ሥራውን የሚሠሩት ግን ጂኖቹ ናቸው።

የፈረስ ዕጢ የበሉት እጮች

ነገሩ የተጀመረው በ1912 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጉደርናች የሚባል ተመራማሪ የእንቁራሪት እጮችን የተለያዩ የእንስሳት ዕጢዎች መገበ። ከፈረስ የተወሰደ የታይሮይድ ዕጢ የበሉት ቀድመው ተለወጡ። ገና ሳያድጉ ስለተለወጡ የወጡት በጣም ትንንሽ እንቁራሪቶች ነበሩ። ልብ በሉ፣ በዚያን ጊዜ በዕጢው ውስጥ ያለው ቅመም ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን ኤድዋርድ ኬንዳል ለብቻው አጣርቶ ያወጣው በ1914 በፈረንጆች ገና ዕለት ነው። እጮቹ ከኬሚስቶቹ ቀድመው ደርሰውበታል ማለት ነው።

በ1916 ደግሞ ግልባጩ ተሞከረ። ቤኔት አለን የተባለ ሌላ ተመራማሪ ከእጮቹ ላይ የታይሮይድ ዕጢያቸውን አወጣ። እጮቹ አልሞቱም። ማደግም አላቆሙም። ብቻ እንቁራሪት መሆን አልቻሉም፤ ግዙፍ እጭ ሆነው ቀሩ። ከአንጎል ሥር የምትገኘውን የፒቱታሪ ዕጢ ማውጣትም ወደዚያው ውጤት ያመራል።

የዛሬው ሥዕል የተሳለው በእነዚህ ላይ ነው። ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ፒቱታሪን ያዛል። ፒቱታሪ ታይሮይድን ያዛል። ታይሮይድ አዮዲን ከደም እየለቀመ ሆርሞን ይሠራል። ዋናው ምርት ታይሮክሲን ነው፣ በአጭሩ ቲ4፤ አራት አዮዲን ስላለው። ከአራቱ አንዷ ስትነቀል ቲ3 ይሆናል። ብርቱው ይሄ ቲ3 ነው። ቲ4ን የመጋዘን ዕቃ፣ ቲ3ን የእጅ መሣሪያ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። ይቺ አንዲት አዮዲን የምትነቀልበት ቦታ በኋላ ትልቅ ነገር ትወስናለች።

ቤት ሳይለቁ ማፍረስና መሥራት

በቤተ ሙከራ በጣም የተጠናችው ጥፍራማዋ የአፍሪካ እንቁራሪት፣ ዜኖፐስ ሌቪስ፣ ከእንቁላል እስከ ትንሽ እንቁራሪት ሁለት ወር ያህል ይፈጅባታል። በቀዝቃዛ አገር የሚኖሩ ትልልቅ ዝርያዎች እጭ ሆነው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። በሁሉም ግን ቅደም ተከተሉ ይመሳሰላል። መጀመሪያ ሆርሞኑ በጣም ዝቅተኛ ነው፣ እጩም ሥራው መብላትና ማደግ ነው። ቀስ ብሎ ሆርሞኑ ሲጨምር የኋላ እግሮች ያድጋሉ። መጨረሻ ላይ ሆርሞኑ ጣሪያ ይነካል፣ ያኔ ሁሉም ነገር ይተራመሳል። የፊት እግሮች ብቅ ይላሉ፣ ስንጥቡ ይጠፋል፣ ጅራቱ ይመጠጣል።

ከውጭ የሚታየው ከውስጡ ጋር ሲወዳደር ምንም አይደለም። አብዛኞቹ እጮች ዋቅላሚና ጥቃቅን ነገር ይበላሉ፤ እንቁራሪት ሥጋ በል ናት። ስለዚህ ረጅሙና የተጠቀለለው አንጀት በዜኖፐስ ሦስት አራተኛውን ያህል ያጥራል። የውስጥ ሽፋኑ ይሞትና በአዲስ ይተካል። ጉበቱ ሥራ ይቀይራል። ውኃ ውስጥ አሞኒያን ወደ ውጭ መልቀቅ ቀላል ነው፤ የብስ ላይ ግን አሞኒያ መርዝ ሆኖ ይከማቻል። ስለዚህ ወደ የብስ የሚወጡት ዝርያዎች ጉበት ዩሪያ የሚሠሩ ኢንዛይሞችን ማምረት ይጀምራል። የደሙ ሄሞግሎቢን ሳይቀር በሌላ ዓይነት ይተካል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እንስሳው በሕይወት እያለ፣ እየዋኘ ነው። ቢራቢሮ ቢያንስ ሙሽሬ ውስጥ ተደብቃ ነው የምትለወጠው። እንቁራሪት ያ ዕድል የላትም።

ጅራት ላይ የተተከለው ዓይን

አሁን ወደ እንቆቅልሹ እንመለስ። ከድሮ ሙከራዎች ሁሉ እኔ የምወደው በ1933 ሽዊንድ የተባለ ተመራማሪ የሠራውን ነው። የእጭ ዓይን ወስዶ በሌላ እጭ ጅራት ላይ ተከለው። ከዚያ ሜታሞርፎሲሱን ጠበቀ። ጅራቱ ተመጠጠ። ዓይኑስ? ምንም አልሆነም። በዙሪያው ያለው ሁሉ ሲፈርስ እሱ ጤነኛ ሆኖ ከጅራቱ ጋር እየተጎተተ ወደ ገላው ተጠጋ። ግልባጩም ይሠራል። የጅራት ቁራጭ ገላ ላይ ቢተከል፣ ገላው ሳይነካ ቁራጩ ብቻ ይሟሟል።

ስለዚህ ሞት በአድራሻ የሚላክ ነገር አይደለም። «ጅራት አካባቢ ያለ ሁሉ ይሙት» የሚል ትእዛዝ የለም። የጅራት ሕዋስ የትም ይሁን የት የጅራት ሕዋስ ነው፤ የሚሞተውም የጅራት ሕዋስ ስለሆነ ነው።

በ1966 ጀምሼድ ታታ አንድ ደረጃ ወደፊት ገፋው። የእጭ ጅራት ቆርጦ በብልቃጥ አኖረው፣ ሆርሞንም ጨመረበት። ገላም አንጎልም የሌለው ጅራት ብቻውን መሟሟት ጀመረ። ከዚያ አዲስ አርኤንኤ (ጂን ሲነበብ የሚወጣው ቅጂ) እንዳይሠራ የሚከለክል ኬሚካል ሲጨምርበት መሟሟቱ ቆመ። ይህን ረጋ ብላችሁ አስቡት። ጅራቱ ለመሞት አዲስ ነገር ማምረት አለበት። ማምረቻውን ስትዘጋበት መሞት ያቅተዋል። የጅራት ሞት ፋብሪካ እንደማቆም ቀላል አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ጂኖች በርተው የሚሠሩት ሥራ።

የሚበሩት ጂኖች ምን ያመርታሉ? አንዱን ቀድመን አውቀነዋል። በ1962 ጀሮም ግሮስና ቻርልስ ላፒዬር የእጭ ጅራት ቁራጮችን በኮላጅን ጄል ላይ አስቀመጡ። ጄሉ በቁራጮቹ ዙሪያ ቀለጠ። ኮላጅን ገላን አያይዞ የሚይዝ ጠንካራ ፕሮቲን ነው። ጅራቱ ይህን የሚቆርጥ ኢንዛይም እያመረተ ነበር። ዛሬ የዚህ ኢንዛይም ዘመዶች በመገጣጠሚያ በሽታና በካንሰር መዛመት ጥናት ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው። መጀመሪያ የተገኘው ግን በእንቁራሪት እጭ ጅራት ውስጥ ነው።

ዘበኛው አይቀየርም

ሆርሞኑ ጂኖቹን እንዴት ያበራል? መልሱ መታየት የጀመረው በ1986 የታይሮይድ ሆርሞን ተቀባይ ፕሮቲኖች ሲታወቁ ነው። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አልፋና ቤታ። ብዙ ጊዜ ተቀባይ ሲባል ሆርሞን እስኪመጣ ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅ ነገር ይመስለናል። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። ሆርሞኑ ገና ሳይመጣ፣ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ፣ ዲኤንኤው ላይ ተቀምጧል። ዝም ብሎም አልተቀመጠም። ጂኑን ዘግቶታል።

እንደ በር ዘበኛ አስቡት። ሆርሞን በሌለበት ዘበኛው ረዳቶቹን ይጠራል። ረዳቶቹ ዲኤንኤው የተጠቀለለበትን ክር ያጠብቁታል፣ ጂኑ እንዳይነበብ። ሆርሞኑ ሲመጣና ከዘበኛው ጋር ሲጣበቅ የዘበኛው ቅርጽ ይለወጣል። የቆዩት ረዳቶች ይለቃሉ፣ ክሩን የሚያላሉ ሌሎች ይመጣሉ። በሩ ይከፈታል። ዘበኛው ያው ነው። የተቀየረው ትእዛዙ ነው።

ይህ ሐሳብ ለዓመታት ጥሩ መላ ምት ሆኖ ቆየ። ጂን ቆርጦ ማጥፋት ሲቻል ግን በቀጥታ ተፈተነ። ለዚህ ሥራ የተመረጠችው ዜኖፐስ ትሮፒካሊስ ናት። ሌቪስ 36 ክሮሞሶም አላት፣ ጂኖቿም ብዙዎቹ በድርብ የተቀመጡ ናቸው፤ አንዱን ስታጠፋ ሌላው ይሸፍንልሃል። ትሮፒካሊስ 20 ብቻ ናቸው ያሏት፣ ሙሉ የዘረመል ንባቧም በ2010 ታትሟል።

በ2015 አልፋ ተቀባይ የጠፋባቸው እጮች ውጤት ወጣ። ሰው የሚጠብቀው «ተቀባይ ከሌለ ለውጥ የለም» ነው። የሆነው ተቃራኒው ነው። የኋላ እግራቸው ቀድሞ ማደግ ጀመረ! ዘበኛው ሲጠፋ በሩ ክፍት ቀረ። በ2020 ደግሞ ሁለቱም ተቀባዮች አንድ ላይ ጠፉ። አሁንም እግር ወጣ። ጅራቱ ግን አልተመጠጠም። እጮቹ በለውጡ መጨረሻ አካባቢ ቆመው ቀሩ፣ ከዚያም ሞቱ።

ለእኔ የጽሑፉ እንብርት እዚህ ጋ ነው። እግር ለማደግ ትእዛዝ አያስፈልገውም፤ እገዳው ሲነሳለት ይበቃዋል። ጅራት ግን እገዳው ቢነሳም አይሞትም። ሆርሞኑን የያዘ ተቀባይ ራሱ መጥቶ እንዲገፋው ይፈልጋል። አንዱ «ልቀቁኝ» የሚል ነው፣ ሌላው ካልገፉት የማይሄድ። ስለዚህ «ሆርሞኑ ሜታሞርፎሲስን ያመጣል» የሚለው አባባል ስሕተት ባይሆንም ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ለምን እግር ይቀድማል

ቅደም ተከተሉ ቀልድ አይደለም። ጅራት ቀድሞ ቢጠፋ እጩ ሳይዋኝም ሳይዘልም ይቀራል። ማን ያሰልፋቸዋል?

እዚህ ጋ ያቺ የምትነቀል አዮዲን ትመጣለች። ቲ4ን ወደ ቲ3 የሚቀይር ኢንዛይም በእግር እምቡጥ ውስጥ ገና ከጥንቱ አለ። አልፋ ተቀባይም እዚያ በብዛት አለ። ስለዚህ እግሩ በደም ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሆርሞን እንኳ አጣርቶ ይሰማል። በጅራት ይህ ኢንዛይም የሚበዛው ዘግይቶ፣ ሆርሞኑ ጣሪያ ሲነካ ነው። ድምፁ አንድ ነው፤ እግር ጆሮው ቀጭን ነው፣ ጅራት ሲጮኽበት ነው የሚሰማው። በጅራት የሚጀምሩት የመጀመሪያ ጂኖች መካከል አንዱ ደግሞ የቤታ ተቀባይ ጂን ራሱ ነው። ትንሽ ሲሰማ ጆሮ ይጨምራል፣ ጆሮ ሲጨምር ይበልጥ ይሰማል። ለዚህ ነው ጅራቱ አንዴ ከጀመረ በቀናት ውስጥ ድራሹ የሚጠፋው።

ሆርሞኑን የሚያመክን ሌላ ኢንዛይምም አለ። ከሁሉ የሚያምረው ምሳሌ በዓይን ውስጥ ይገኛል። የእጭ ዓይኖች ወደ ጎንና ጎን ነው የሚያዩት። እንቁራሪት ግን አዳኝ ስለሆነች ሁለቱም ዓይኖቿ ወደፊት አንድ ነገር ማየት አለባቸው። ለዚህ የሬቲናው፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጥ ሽፋን፣ የታችኛው ክፍል ከላይኛው በልጦ ማደግ አለበት። እንዴት? በላይኛው ጠርዝ ይህ አምካኝ ኢንዛይም አለ። ሆርሞኑ እዚያ ሲደርስ ይከሽፋል። ከታች በነፃነት ይሠራል። በአንዲት ትንሽ ዓይን ውስጥ አንዱ ጠርዝ ይሰማል፣ ሌላው ጆሮው ተደፍኗል።

ኩሬው ሲደርቅ

ታይሮይድ ብቻውን አይሠራም። በጭንቀት ጊዜ የሚወጣው ኮርቲኮስቴሮን የተባለ ሆርሞን ያግዘዋል፤ ቲ4 ወደ ቲ3 የሚቀየርበትን ፍጥነት ይጨምራል። በእጮች ደግሞ ሃይፖታላመስ ለጭንቀት የሚያወጣው መልእክት ታይሮይድንም ያነቃል። አንድ ገመድ ሁለት ደወል ይደውላል።

ይህ ትርጉም የሚሰጠው በሰሜን አሜሪካ በረሃ ነው። እዚያ የሚኖሩ ቆፋሪ የእንቁራሪት ዝርያዎች በዝናብ ኩሬ ይራባሉ። ኩሬው ሲጎድል እጮቹ ይጨነቃሉ፣ ሆርሞኖቻቸውም ከፍ ይላሉ፣ ለውጡ ይፈጥናል። በዚያው በረሃ ከእንቁላል እስከ እንቁራሪት ያለውን መንገድ ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ የሚጨርስ ዝርያ አለ። ዋጋ ግን ይከፈላል፤ በጥድፊያ የወጣች እንቁራሪት ትንሽ ሆና ነው የምትወጣው።

እዚህ ላይ ስለ ፕሮላክቲን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ለብዙ ዓመታት ይህ ሆርሞን እጭን እጭ አድርጎ የሚያቆይ «ፍሬን» ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ2000 ፕሮላክቲን በብዛት የሚያመርቱ እጮች በዘረመል ምሕንድስና ተሠሩ። ፍሬኑ አልያዘም። እጮቹ እንቁራሪት ሆኑ፤ ብቻ ጅራታቸው ቀረ። ባለ ጅራት እንቁራሪት! አሁንም ጅራት ለብቻው የሚሰማ ጆሮ እንዳለው ያሳያል።

ከሕጉ ያፈነገጡም አሉ። የሜክሲኮው አክሶሎትል፣ ባለ ጅራት የእንቁራሪት ዘመድ፣ ታይሮይድም ተቀባይም እያለው በራሱ ጊዜ አይለወጥም፣ እድሜ ልኩን ስንጥብ ይዞ ይኖራል። ሆርሞን ሲሰጠው ግን ይለወጣል። ደካማው ከላይ፣ ከአንጎል በኩል የሚመጣው ትእዛዝ ነው። ኮኪ የተባለችው የፖርቶሪኮ እንቁራሪት ደግሞ እጭነቱን ዘልላ ከእንቁላል በቀጥታ እንቁራሪት ሆና ትወጣለች። እሷም ብትሆን በእንቁላሉ ውስጥ ታይሮይድ ሆርሞን ያስፈልጋታል።

ውኃው ውስጥ የገባው ነገር

ይህ ሁሉ ዛሬ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። ምክንያቱ በውኃ ውስጥ የሚገኙ፣ የሆርሞን ሥራ የሚያዛቡ ኬሚካሎች ናቸው። ፐርክሎሬትን እንውሰድ። በሮኬት ነዳጅና በርችት ውስጥ አለ፣ በውኃም በቀላሉ ይሟሟል። ወደ ገላ ሲገባ ታይሮይድ አዮዲን እንዳይለቅም ይከለክለዋል። ሆርሞን ይጎድላል። ፒቱታሪ «ሥራ እንጂ!» እያለ ይወተውታል። ዕጢው እየታገለ ያብጣል። በሰው ቢሆን እንቅርት የምንለው ነው። ለውጡም ይዘገያል። ይህ የሆነው በሚደርቅ ኩሬ ውስጥ ከሆነ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ሁሉን በኬሚካል ማላከክ ግን አልወድም። በ2023 የወጣ ዓለም አቀፍ ግምገማ ከአምፊቢያን (እንቁራሪትና ዘመዶቿ) ዝርያዎች 41 ከመቶ ያህሉ የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው ብሏል። ዋናዎቹ ምክንያቶች የመኖሪያ መጥፋት፣ የፈንገስ በሽታና የአየር ንብረት ለውጥ ናቸው። ሆርሞን አዛቢዎች ከጎን የሚጨመሩ ጫና ናቸው።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ የሆነው ስልቱ አንድ ስለሆነ ነው። ያው ቲ3፣ ያው ተቀባዮች፣ ያው አዮዲን ነቃይ ኢንዛይሞች በሰውም አሉ። በሰው ልጅ ይህ ሆርሞን በደም ውስጥ ከፍ የሚለው በውልደት አካባቢ ነው፤ ከውኃ ወደ አየር በምንወጣበት ሰዓት ማለት ነው። በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ሲጎድል የሚጎዳው የጽንሱ አንጎል ነው፣ ጨው ውስጥ አዮዲን የሚጨመረውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ከእንስሳ ወደ እንስሳ ዝም ብሎ መገልበጥ አደገኛ ነው። ላምፕሬይ የተባለው መንጋጋ የሌለው ዓሣ መሰል እንስሳ ታይሮይድ ሆርሞኑ ሲወርድ ነው የሚለወጠው። እንቁራሪትን የሚያስቀረው ፐርክሎሬት ላምፕሬይን ያለጊዜው ይለውጠዋል።

ኬሚካል የሚፈተንበት ዓለም አቀፍ መመሪያ በ2009 ጸድቋል። ያዘጋጀው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ነው። የዜኖፐስ እጮች ለ21 ቀን በኬሚካሉ ውኃ ውስጥ ይቆያሉ። ከዚያ የኋላ እግራቸው ይለካል፣ ታይሮይዳቸው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጥሩ ፈተና ነው። ታይሮይድን የሚነካ ነገር ብዙም አያመልጠውም። ነገር ግን ከላይ ያየነውን አስታውሱ። እግር የሚፈልገው እገዳ እንዲነሳለት ነው፣ ጅራት ደግሞ እንዲገፋ። እግር እየለካን የጅራትን ጆሮ የሚደፍን ኬሚካል ልናሳልፍ እንችላለን። ረዘም ያለና እንቁራሪት እስኪሆኑ የሚከታተል ሌላ ፈተና በ2015 ተጨምሯል፤ እሱ ግን ወራት ይፈጃል፣ ወጪውም ከባድ ነው። የአጭሩ ፈተና እጮች በ21ኛው ቀን ከውኃው ሲወጡ ጅራታቸው ገና እንዳለ ነው።